የተቀበሉት ጥርስ፦ የኢንጂነር ኔማኒ ኪቲዮኔ የሕይወት ታሪክ (1944–2023)

አቶ ኦሴያ ኪቲዮኔና ኢንጂነር ኔማኒ ኪቲዮኔ ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት በሦስት ዓመት ልዩነት የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው፤ መመሳሰላቸውም በዚሁ ያበቃል። ታላቁ ድምፃቸው ከባሕሩ ግንብ ተነሥቶ የኮረብታውን ቤተ ክርስቲያን ደረጃ የሚወጣ፣ ሰውን በአንድ ንግግር አስለቅሰውም አስቀውም ወደ ቤቱ የሚመልሱ፣ ለአርባ ዓመት የጎሣችን ቃል አቀባይ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። ታናሹ ግን «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ እንኳ መልሳቸው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ትንሽ ዝም ይሉ ነበር። ታላቁ ምን እንደሚሉ የሚያውቁት ብለው ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ታናሹ ደግሞ ለክተው ሳይጨርሱ አይናገሩም፤ ለክተው ሲጨርሱም ብዙ ጊዜ ሰሚው ተነሥቶ ሄዷል። ዛሬ የተሰበሰብነው ታናሹን ለመሸኘት ነው።

ኢንጂነር ኔማኒ ከአባታቸው ከአቶ ኪቲዮኔ ማታይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኬሌራ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 1944 በሎማይቪቲ ደሴቶች፣ በዋይናሌካ ከተማ፣ ዛሬም ቤተሰቡ በሚኖርበት በባሕር ዳሩ ቤት ተወለዱ። አባታቸው የጀልባ አናጢ ነበሩ፤ በባሕር ዳር መንገድ ከተደረደሩት የጥንት ነጋዴዎች የእንጨት ሱቆች መካከል በእጃቸው ያልታደሰ በረንዳ የለም። እናታቸው በትልቁ ደሴት ናይቶንዶ ከሚባል ተራራማ መንደር ተድረው የመጡ ሲሆን፣ በዋይናሌካ ሃምሳ አንድ ዓመት ሲኖሩ አንድም ቀን ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው አልተቀመጡም። «እኔ ለሚጮህ ነገር ፊት አልሰጥም» ይሉ ነበር።

እንደ አገሩ ወግ የሁለቱም ወንድማማቾች እትብት በቤቱ ፊት ተቀብሮ በላዩ የኮኮናት ዛፍ ተተክሎበታል። የአቶ ኦሴያ ዛፍ ለደጃፉ ቀረብ ያለ ነው። የኢንጂነር ኔማኒ ግን ወደ ባሕሩ ዘልቆ ተተከለ፤ አባታቸው ምክንያቱን ሲጠየቁ «ይኼኛው ዝም ይላል፤ ማዕበሉ ንግግር ያስተምረው» ብለው ነበር። ማዕበሉ ያስተማራቸው መለካትን ነው።

ዋይናሌካ ማለት አጭር ውኃ ማለት ነው። ሦስቱ ጅረቶቻችን ከተራራው ራስ ተነሥተው ባሕር እስኪገቡ ድረስ ሰው በግማሽ ሰዓት ርምጃ ይጨርሳቸዋል። በተራራውና በባሕሩ መካከል የተረፈው መሬት አንድ መንገድና አንድ ረድፍ ቤት ይይዛል፤ ከዚያ በላይ አይችልም። በደቡብ በኩል፣ ከሱቆቹ ጀርባ፣ በጨዋማ ውኃ ውስጥ ሥር የሚሰድ ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ የበቀለበት ሰፊ ረግረግ ነበር። ዝናብ ሲበረታና ባሕሩ ሞልቶ በሩን ሲዘጋባቸው ጅረቶቹ እዚያ ተኝተው የባሕሩን መጉደል ይጠብቃሉ። ኢንጂነር ኔማኒ ይህንን ረግረግ «የውኃው ሳሎን» ይሉት ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ በየዝናቡ ውኃው የደረሰበትን ከፍታ በቤታቸው ምሰሶ ላይ በሚስማር እየጫሩ ምልክት ማድረግ ጀመሩ። አባታቸው ምሰሶውን ባዩት ጊዜ «አንተ ልጅ፣ ቤት ሠራሁልህ እንጂ ማስመሪያ ሠራሁልህ?» ብለው ቀበቷቸውን ፈቱ። እናታቸው መሐል ገብተው «ተወው የኦሴያ አባት! ታላቁ ቤቱን በጩኸት ያፈርሰዋል፣ ይኼኛው በዝምታ። በዚህኛው ቢያንስ እንተኛለን» አሉ። ምሰሶው እስከ ዛሬ አለ። ከጭረቶቹ ሁሉ ከፍ ያለው ግን በልጅ እጅ የተጫረ አይደለም።

ሁለተኛ ደረጃን በትልቁ ደሴት በአዳሪነት ከጨረሱ በኋላ በ1964 ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ አውስትራሊያ በመሄድ በ1969 በሲቪል ምሕንድስና በማዕረግ ተመረቁ። እዚያው እንዲቀሩ ጥሩ ሥራ ቀርቦላቸው ነበር። ስለዚሁ ለቤተሰቡ የላኩት ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ «ሥራው ጥሩ ነው። ጅረቱ ግን ያለው እናንተ ጋ ነው።» አቶ ኦሴያ ደብዳቤውን ለጎረቤቱ ሁሉ ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩና «ይኸው ነው? ለዚህ ነው አምስት ዓመት የተማረው?» አሉ።

አገራችን ነጻነቷን ባገኘችበት በ1970 ተመልሰው በመንግሥት የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ካገለገሉ በኋላ በ1972 ከመምህርት ቶሪካ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ወይዘሮ ቶሪካ ሣቃቸው ከክፍል ወደ ክፍል የሚሻገር የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበሩ። ኢንጂነር ኔማኒ ለጋብቻ የጠየቋቸው አዲስ የተቆፈረ የድንጋይ ቦይ እያሳዩ ነው። ወይዘሮ ቶሪካ ከቦዩ አፋፍ ቆመው እስኪደክማቸው ከሣቁ በኋላ «ሌላው ወንድ አበባ ያሳያል፣ አንተ ቦይ። በል እሺ፤ ሰው ቦይ አሳይቶ አይዋሽም» አሏቸው። ከዚህ ጋብቻ በ1974 ላይሳኒ፣ በ1977 ደግሞ ኢኖኬ ተወለዱ።

ከ1974 ጀምሮ የዋይናሌካ ከተማ መሐንዲስ ሆኑ። ቀጥሎ ያሉት አሥራ ሁለት ዓመታት በሕይወታቸው የደስታ ዘመን ነበሩ። ከኮረብታው ምንጭ ሥር የጥንት ነጋዴዎች ለመርከቦቻቸው ውኃ የሚያከማቹበት የድንጋይ ጎተራ ተደፍኖ ኖሮ፣ አስጠርገው ለከተማው የበጋ ውኃ አደረጉት። በየጣሪያው ሥር የዝናብ ማጠራቀሚያ እንዲቆም አስወሰኑ። ከጅረት አፋፍ በአሥር ርምጃ ውስጥ ቤት እንዳይሠራ፣ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜም ከተማው ሁሉ ወጥቶ ቦይ እንዲጠርግ ደንብ አወጡ። በእነዚህ ቅዳሜዎች አካፋ ይዘው ፊት ፊት የሚሄዱት እሳቸው ሲሆኑ፣ ከኋላ ሆነው ዘፈን የሚያወጡት አቶ ኦሴያ ነበሩ። አካፋ ሲይዙ ግን ማንም አላያቸውም። «እኔ ካልዘፈንኩ ማን ይቆፍራል?» ይሉ ነበር፤ እውነትም ነበር።

በ1979 ሁለት ቀን ሙሉ የጣለ ከባድ ዝናብ ሌሎች ደሴቶች ላይ ቤት ሲወስድ ዋይናሌካ ላይ ቁርጭምጭሚት አልፎ አልሄደም። ጅረቶቹ በሳሎናቸው ተኝተው አድረው በማግስቱ ጸጥ ብለው ወጡ። ያን ዕለት ኢንጂነር ኔማኒ ለልጆቻቸው የተናገሩትን ቤተሰቡ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ «እንግዳ በሳሎን ከተቀበላችሁት በጊዜው ይሄዳል። በሳሎን ካልተቀበላችሁት መኝታ ቤት ይገባል። ለውኃው ቦታውን እስከሰጠነው ድረስ ከዚህች ከተማ የሚያስወጣን የለም።»

በ1986 ነገሩ ተለወጠ። ዋይናሌካ ሜዳ የሌላት ከተማ ነበረች። ልጆቻችን ራግቢ የሚጫወቱት ባሕሩ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ ነበር፤ ባሕሩ ሲመለስ ጨዋታው ይቋረጣል፣ ብዙ ጊዜም ኳሱ አብሮ ይሄዳል። የትልቁ ደሴት ቡድኖች «ዓሣዎቹ መጡ!» እያሉ ያፌዙብን ነበር። የቤተ ክርስቲያኑም አዳራሽ አርጅቶ ነበር። ረግረጉ የጎሣችን መሬት ነው። ይሞላ፣ ሜዳ ይሁን፣ በዳሩ አዳራሽ ይቁም የሚለው አሳብ ከተማውን ሁሉ ያዘ፤ ክፉ አሳብም አልነበረም። የመሐንዲሱ ፊርማ ብቻ ጎደለ። ኢንጂነር ኔማኒ ሦስት ጊዜ በደብዳቤ፣ ሦስት ጊዜም ከካርታ ጋር አያይዘው አይሆንም አሉ።

በዚያው ዓመት በግንቦት፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የጎሣው ሽማግሌዎች መጥተው በቤታቸው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ከፊት ተንበርክከው የነበሩት ቃል አቀባዩ አቶ ኦሴያ ናቸው። በሁለት እጃቸው ታምቡዋ ይዘው ነበር፤ ይኸውም ገመድ የታሰረለት፣ ከዘመን ብዛት ማር የመሰለ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ነው። በአገራችን ጥርስ ይዞ የሚለምን ሰው ልመናው ከወረቀት ሁሉ ይበልጣል። ጥርሱን በእጁ የተቀበለም የተለመነውን ፈቅዷል፤ ከዚያ ወዲያ ካርታና ስሌት አይነሣም።

አቶ ኦሴያ በዚያ ቀን ታናሽ ወንድማቸውን እንደ ወጉ በአክብሮት ተናገሯቸው። «ክቡር ሆይ» አሉ፤ «ልጆቻችን የሚሮጡበት መሬት የላቸውም። ተራራውን ለመንን፣ አልሰጠንም። ባሕሩን ለመንን፣ ይባስ ብሎ ኳሳችንን ወሰደብን። የቀሩን እርስዎ ነዎት። ይስጡን።»

ወይዘሮ ቶሪካ በወጥ ቤቱ በር ቆመው ነበር። «ኔማኒ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እጅህን ከጉልበትህ እንዳታነሣ።»

ዝቅ ቢልም ቤቱ ሁሉ ሰማ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አይዞሽ እመቤት፣ ይኼ ጥርስ አይነክስም!» ሲሉ ሁሉም ሣቁ። ኢንጂነር ኔማኒም ሣቁ። እየሣቁ እጃቸውን ዘረጉ።

ለምን እንደተቀበሉ የተናገሩት ከብዙ ዓመት በኋላ ለእህታቸው ለኡናይሲ ብቻ ነው። «ጋሼን ተንበርክኮ አይቼው አላውቅም ነበር» አሏት፤ «ቶሎ እንዲነሣ ፈልጌ ነው።»

ሜዳውና አዳራሹ በ1988 ተመረቁ። ኢንጂነር ኔማኒ በሜዳው ዳር የማካካሻ ቦይ አስቆፍረው ነበር፤ ቦዩ እንደማይበቃ ግን ያውቁ ነበር፣ ለመሥሪያ ቤታቸውም በጽሑፍ አሳውቀዋል። በምርቃቱ ቀን ያንጎናው፣ ከተቀጠቀጠ ሥር የሚዘጋጀው የአገራችን የክብር መጠጥ፣ በእንጨቱ ገበታ ተበጥብጦ በተራ ሲጠጣ አቶ ኦሴያ ጽዋቸውን ከፍ አድርገው «ከእንግዲህ ውኃውም ራግቢ ይማር!» አሉ። ቡድናችን በዚያ ዓመት በሜዳው አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ወይዘሮ ቶሪካ በጨዋታው ሁሉ ከመጀመሪያው ረድፍ ተቀምጠው ዳኛውን ይሳደቡ ነበር፤ ሜዳውን እንደ ፈሩት ሳይሆን እንደ ወደዱት ነው የምናስታውሳቸው።

በመጋቢት 1991 ዝናቡ ለሦስት ቀን ሳያባራ ጣለ። በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ባሕሩ ከወትሮው በላይ ሞልቶ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ሃያ ስድስት ሴቶች ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ምንጣፍ ይሠሩ ነበር። ሦስቱ ጅረቶች ወደ ማረፊያቸው ሲመለሱ ማረፊያው አልነበረም፤ በሜዳው ላይ አልፈው ከአዳራሹ ጀርባ መጡ። ወይዘሮ ቶሪካ እንደ ክፍል ተማሪ ሁለት ሁለት አሰልፈው ሃያ ሦስቱን ሴቶች በኮረብታው ደረጃ አወጡ። ከዚያም መራመድ ለተሳናቸው ሁለት አሮጊቶች ተመለሱ። ሦስቱም አልወጡም። ውኃው በጎደለ ጊዜ ኢንጂነር ኔማኒ ወደ ቤታቸው ገብተው ሚስማር አነሡና በምሰሶው ላይ፣ ከራሳቸው በላይ፣ አንድ ጭረት ጫሩ።

በባለቤታቸው ቀብር ላይ አቶ ኦሴያ አንድ ሰዓት ተናገሩ፤ ስለ ሜዳው አላነሡም። ኢንጂነር ኔማኒ በሳምንቱ ለከተማው አስተዳደር «ሰዎቹን የገደለው ዝናብ አይደለም፣ ፊርማዬ ነው» የሚል ደብዳቤ ከሥራ መልቀቂያቸው ጋር አስገቡ። የተሰጣቸው መልስ አደጋው የተፈጥሮ መሆኑን፣ ለጎሣቸው ያሳዩትም አክብሮት የሚያስመሰግናቸው መሆኑን የሚገልጽ ነበር። መልቀቂያቸው ተቀባይነት አላገኘም። ቢቀጧቸው ኖሮ ቀለል ይላቸው ነበር ብሎ ቤተሰቡ ያምናል።

ጥርሱን በቤታቸው ግድግዳ ላይ አልሰቀሉትም። በባለቤታቸው የልብስ ሣጥን ውስጥ፣ በምንጣፍ ጠቅልለው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ለሠላሳ ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ በአንድ ገበታ በልተዋል። ስለ ጥርሱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ከ1992 እስከ 2004 ያለውን ዘመን የሞሉትን ረግረግ መልሶ ለመክፈት ተጠቀሙበት። አልሆነም። ሜዳው የከተማው ኩራት ሆኗልና ይቆፈር ብሎ እጁን የሚያወጣ አልተገኘም። ስለዚህ በሜዳው ዳር የማንግሮቭ ችግኝ በእጃቸው ይተክሉ ጀመር። በአሥራ ሁለት ዓመት ከአራት ሺህ በላይ ተክለዋል። ኳስ የሄደባቸው ተጫዋቾች እየገቡ ረገጧቸው፤ «ኢንጂነር፣ ዳኛችንም እርስዎ፣ አጥራችንም እርስዎ፣ ተከላካያችንም ችግኝዎ ሆነ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ጡረታ በወጡበት ቀን ተዘዋውረው የበቀሉትን ቆጠሩ፤ ስድሳ አንድ ነበሩ። በ1998 እትብታቸው የተቀበረበት ኮኮናት ሥሩን ባሕሩ በልቶት ወደቀ። አቶ ኦሴያ ሊያጽናኑ መጥተው «አይዞህ፣ የኔ ቆሟል» ሲሏቸው፣ «የአንተ ከኋላ ስላለ ነው ጋሼ፤ ተራ ነው» አሉ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ከተማችን የታሪክ ቅርስ ተብላ ተመዘገበች። በዚህም የጥንቶቹ ሱቆችና ቤቶች ፊታቸው እንዳይነካ፣ ወለላቸው እንዳይነሣ፣ ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱ ተደነገገ። ኢንጂነር ኔማኒ ቤቶቹ በአንድ ሜትር ከፍ ይበሉ የሚል ጥናት አቅርበው ነበር፤ ከፍ ካሉ ጥንታዊ አይሆኑም ተባለ። ከየአገሩ የተላኩ ባለሙያዎች በየዓመቱ እየመጡ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣችንን በልተው፣ አመስግነው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወፍራም ጥናት ትተው ይሄዳሉ። ጥናቶቹ ለቤተሰቡ ጠቅመዋል፤ ወር በገባ ቁጥር ባሕሩ መንገዱን አልፎ ወለላችን ላይ ሲመጣ የገበታውን እግር ከፍ አድርገን የምናስቀምጠው በእነሱ ላይ ነው። እህታቸው ኡናይሲም በዓለም ከዞረችባቸው የጥንት የባሕር ወደቦች ሁሉ ፖስታ ካርድ ትልክላቸው ነበር። የሁልጊዜም መልሳቸው አንድ ነው፤ «ያማረ ከተማ ነው። የውኃው ምልክት ግድግዳው ላይ የት ጋ ደረሰ?» እህታቸው የደረሰበትን ለክታ ትጽፍላቸዋለች። ከዓመት ዓመት ዝቅ ያለ ቁጥር ጽፋ አታውቅም።

በ2012 የጓሮ ጉድጓዶቻችን ውኃ ጨው ሆነ። የኮረብታው ምንጭ በዓመት አራት ወር መድረቅ ጀመረ። ባንኩ ሄደ፣ መድኃኒት ቤቱ ተከተለ፣ ወጣቶቹም ተከተሉ። ራግቢ ቡድኑ አሥራ አምስት ሰው ስላጣ ከ2018 ጀምሮ ጨዋታ የለውም። ሜዳው ዛሬ ግማሹ ጨዋማ ኩሬ ነው። ኢንጂነር ኔማኒ ሕይወታቸውን ሙሉ የለመኑትን መሬት ባሕሩ ያለ ፊርማ ወሰደው፤ ይሁንና ጅረቶቹ የሚያርፉበት ስፍራ ሆኖ አልተመለሰም፤ ባሕሩ ራሱ ተቀምጦበታል።

የስኳር ሕመማቸው ጸንቶ በ2019 ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ከሕክምና ሲመለሱ የቤታቸው ወለል ውኃ ነበረበት። በተሽከርካሪ ወንበር እየገቡ «ደግ ነው፤ ከእንግዲህ የሚረጥበው አንድ ጫማ ብቻ ነው» አሉ። በዚህ ዓመት በመጋቢት ባሕሩ ወደ መቃብሩ ስፍራ ገብቶ ከወይዘሮ ቶሪካ መቃብር የራስጌውን ድንጋይ ገፍቶ ጣለው። ይህንን ሲሰሙ አልቀለዱም።

ሰኔ 18 ቀን 2023 እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ለምሳ ተሰበሰበ። በምድር ምድጃ የበሰለው ሥራሥርና ዶሮ ተነሥቶ ምንጣፉ እንደ ተጠረገ ኢንጂነር ኔማኒ ልጃቸውን ላይሳኒን «ከእናትሽ ሣጥን ያንን አምጪልኝ» አሏት። ከዚያም ከወንበራቸው ወረዱ። ኢኖኬ ሊይዛቸው ቢነሣ በእጃቸው መለሱት። በአንድ ጉልበታቸው በምንጣፉ ላይ ወደ ወንድማቸው ቀረቡ፤ ጥርሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

አቶ ኦሴያ ምን እንደሚመጣ ገባቸው። «ተነሣ አንተ ሰው» አሉ፤ «በልጆች ፊት ምን ታደርገኛለህ? አንድ እግር ያለው ሰው አይንበረከክም፣ ወጉም አያውቀው!»

«ክቡር ሆይ» አሉ ኢንጂነር ኔማኒ። በሕይወታቸው ወንድማቸውን በዚህ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም ነበር። «ለውኃው ቦታ እንስጠው፣ እንቆያለን እያልኩ ልጆቼን አሳደግሁ። ተሳስቻለሁ። የምንሰጠው ቦታ አልቋል፤ የቀረው እኛ የቆምንበት ነው። በምሞትበት ጊዜ በባሕሩ ዳር አትቅበሩኝ። ቶሪካን ከዚያ አውጥታችሁ በኮረብታው፣ በድንጋዩ ጎተራ አጠገብ፣ አንድ ላይ አስቀምጡን። እናንተም ከዚህ ቤት ውጡ። የእናታችን ወገኖች በናይቶንዶ መሬት አይነፍጉንም። እርስዎ ካልወጡ ማንም እንደማይወጣ አውቃለሁ። ይቀበሉኝ።»

«የኔ ዛፍ ቆሟል» አሉ አቶ ኦሴያ።

«ውኃው ጉልበቱ ጋ ደርሷል።»

«ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው! ተራራ ላይ ወጥቼ ምን ልሁን? ለማን ልናገር? እዚያ ላሉት እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ቃል አቀባይ አይሆንም!»

ኢንጂነር ኔማኒ እንደ ልማዳቸው ትንሽ ዝም አሉ። «አዎ» አሉ በመጨረሻ፤ «አትሆንም ጋሼ። ይኼንንም ለክቼዋለሁ።»

አቶ ኦሴያ ሁለቱንም እጃቸውን በብብታቸው ሥር አስገብተው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን ረስተው ወጡ። ጥርሱን የተቀበለ አልነበረም። ላይሳኒ ከአባቷ እጅ ልትወስድ ስትል «አንቺ አይደለሽም» አሏት፤ ስለዚህ በአልጋቸው አጠገብ በምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ አቶ ኦሴያ ለምሳ አልመጡም። ባርኔጣቸው በበሩ ሚስማር ላይ ነበረ፤ ማንም አላነሣውም። ኢንጂነር ኔማኒ በር በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ ጥርሱን ያዩ ነበር።

ሕመማቸው በርትቶ ነሐሴ 12 ቀን 2023 ቅዳሜ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ባሕሩ እየሸሸ ሳለ፣ በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው በዚያው በተወለዱበት ቤት ዐረፉ። የመጨረሻ ጥያቄያቸው ባሕሩ የቱ ጋ እንደደረሰ ነበር። ኢኖኬ መስኮቱን ከፍቶ አይቶ፣ እንዳለ ነገራቸው። ዋሽቷቸው ቢሆን ያውቁበት ነበር።

ኢንጂነር ኔማኒ ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ኦሴያን፣ ታናሽ እህታቸውን ወይዘሮ ኡናይሲን፣ ልጆቻቸውን ላይሳኒንና ኢኖኬን እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። የልጅ ልጆቻቸው እትብት በየተወለዱበት ከተማ ሐኪም ቤት ቀርቷል፤ የተተከለላቸው ዛፍ የለም። ሕይወቱን ሙሉ ለውኃ ማረፊያ የለመነ ሰው እሱም በተራው ማረፊያ አይጣ። አምላክ ነፍሳቸውን ማዕበል ከማይደርስበት ያኑርልን፤ አፈራቸውም ደረቅ ይሁንላቸው።

ይህ ታሪክ በዚህ ያበቃ ነበር። ነገር ግን በሞቱበት ቀን ቀትር ላይ አቶ ኦሴያ ያለ ባርኔጣ በዝናብ መጡ፤ ቤተሰቡም የሆነው በጽሑፍ ይቀመጥ ብሏል። ወደ ሟቹ ክፍል ገብተው በምንጣፉ ላይ በሁለት ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ለመንበርከክም ለመነሣትም ሰው እንዲረዳቸው አልፈቀዱም። የወንድማቸውን ፊት ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ጥርሱን ከወለሉ አነሡ፤ ወደ ደረታቸውም አስጠጉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲናገሩ የሰማናቸው ሰው ናቸውና ለረጅም ንግግር ተዘጋጅተን ተቀመጥን።

«ተቀብያለሁ» አሉ። «ሁለቱንም በኮረብታው እናስቀምጣቸዋለን። ዛፌን በገዛ መጥረቢያዬ እቆርጣለሁ። ከኅዳር ዝናብ በፊት ሁላችንም እንወጣለን።»

የቀረውን ጠበቅን። የቀረ አልነበረም።